ካሜራውን ያልከፈተው ሰው

«ከዛሬ ጀምሮ ‹ሱሰኛ› የሚለውን ቃል እንተወዋለን» አለች ቲጂ ከስክሪኑ ማዶ ፈገግ ብላ። «‹ሱስ ያለበት ሰው› ነው የምንለው። ሰውየው ይቀድማል፣ ሱሱ ይከተላል። ኦኬ?»

ሮማንወርቅ ማይክሮፎኗ መዘጋቱን ቼክ አደረገችና ብቻዋን ሳቀች። ሰካራሙን ‹መጠጥ ያስቸገረው ሰው› ቢሉት ጠርሙሱን ያስቀምጥ ይመስል።

ሥልጠናው ስድስት ቅዳሜ ይፈጃል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት፣ በዙም። ለንደን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪውን ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምሩ የጤና አስተማሪዎች ለማፍራት የተዘጋጀ ነው። ሮማንወርቅ ወድዳ አልገባችም። ታላቅ ወንድሟ ኃይለልዑል የለንደን ኢትዮጵያውያን ማኅበር የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። «ፋርማሲስት እህት እያለችኝ ማንን ልላክ? ሰርተፊኬቱን ብቻ ያዢልኝ» አላት፤ እሷም እንደ ልማዷ «እሺ ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ዳኛ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው።

እንጂማ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት፣ ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ፋርማሲ የምትመራ፣ ስለ ሱስ ከዚች ከብሪክስተን ልጅ የምትማረው ምን አለ? አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ይሆናል። ገና በመጀመሪያው ቀን «ሮሚ» ብላ ጠራቻት፤ «አንቺ» አለቻት። ቀሪዎቹም ከእሷ አይሻሉም። ጡረታ የወጡት ሹፌር ጋሽ ዐብዱ ከግንባራቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግንባራቸውን ስታይ ትውላለች። አንዷ ሴትዮ ሽንኩርት እየከተፈች ነው የምትማረው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ካሜራውን አይከፍትም፤ ጥቁር ሳጥን፣ ከሥሩ «ተክለአብ» የሚል ስም። ፊቱን ማሳየት የሚያፍር ሰው ማንን ሊያስተምር ነው አለች በልቧ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቲጂ ሁለት ሁለት አድርጋ ስትመድባቸው ሮማንወርቅ ከጥቁሩ ሳጥን ጋር ደረሰች። አንዱ አስተማሪ ሆኖ፣ ሌላው እርዳታ ፈላጊ ሆኖ እንዲነጋገሩ ነው የታዘዙት።

«እርስዎ አስተማሪ ይሁኑ» አለ ሰውየው። ድምፁ ዝግ ያለና የማይቸኩል ነበር። «እኔ እናት እሆናለሁ።»

«ወንድ አይደሉም እንዴ?»

«ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ይታገሱኝ።» ከዚያ እናት ሆኖ ቀጠለ። «ልጄ ክፍል ውስጥ ሄሮይን ያጨሰበት የተቃጠለ ፎይል አገኘሁ። አጠብኩት። አጥቤ መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩለት። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። እርስዎ ያውቁ ይሆን?»

ሮማንወርቅ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ስለ ምልክቶች፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ስልክ ቁጥሮች የምታውቀው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያቺ ፎይል ያጠበች እናት ከፊቷ የቆመች መሰላት፤ ከአፏም አንድ ቃል አልወጣ አለ። አምስቱ ደቂቃ እንዲሁ አለቀ። ወደ ትልቁ ስብሰባ ሲመለሱ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተዛንፎ ነበር። ሰው ንቃ እንጂ ሰው አስደንግጧት አያውቅም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አድራሻውን ከሠልጣኞቹ ዝርዝር አውጥታ ኢሜይል ጻፈችለት። «እናትየዋ ለምን አጠበችው?» የሚል ብቻ። ማታ መልሱ መጣ። «ልጇ በንጹሕ ነገር እንዲጠቀም ብላ ይሆናል። እኔም ገና እያሰብኩበት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው አልተቋረጠም። ሰኞ እሷ፣ ረቡዕ እሱ፣ ዓርብ እንደገና እሷ። «እርስዎ» መባባሉ በሁለተኛው ሳምንት ቀረ። ስለ ቲጂ አማርኛ፣ ስለ ጋሽ ዐብዱ ግንባር ስትጽፍለት ይስቃል፤ መሳቁን ከአጻጻፉ ታውቀዋለች። ባልደረቦቿን፣ የማኅበሩን ሰዎች፣ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «መቼ ነው የምታገቢው» የሚሏትን እመቤቶች አንድ በአንድ ስታብጠለጥልለት አንድ እሱ ብቻ ከንቀቷ ውጭ ቀረ። ይኼ ለእሷ ትልቅ ነገር ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ስለ ሥራዋ ጻፈችለት።

«በየጠዋቱ ሰባት ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ሜታዶን የሚወስዱ ናቸው፤ የሄሮይኑን ጥም የሚያስታግስላቸው አረንጓዴ ፈሳሽ። ፊቴ ካልጠጡት አውጥተው ይሸጡታል ተብሎ ስለሚፈራ እኔ ቆሜ አያለሁ። ጽዋውን በሁለት ጣቴ ገፋ አደርግላቸዋለሁ፣ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ፊታቸውን አላይም። ማየት ከጀመርክ ማውራት ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ አንደኛው የእኛ ሰው ነበር። የባሰ አንገቴን ደፋሁ። ነጮቹስ እሺ፣ የእኛ ሰው እንዲህ ወርዶ ማየት ያሳፍራል።»

የረቡዑ መልስ ቀረ። የመጣው ዓርብ ነው። አንዲት መስመር ነበረች። «ስሙን ታስታውሺዋለሽ?»

«ስም አልይዝም። የልደት ቀን ነው የምጠይቀው» ብላ መለሰችለት። ምን እንዳስከፋው ግራ ገባት። ሌሊቱን ሙሉ የጻፈችውን እያነበበች፣ ጥፋቷን አጥታው አደረች።

እሁድ ዕለት ሼፈርድስ ቡሽ ተገናኙ። እሷ ናት እንገናኝ ያለችው። ገበያው መግቢያ ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ረጅም፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ አርባ ያልሞላው ሰው። የለበሰው ኮት ልኩ ላይ የተሰፋ ነበር። ሲያያት አልተንቀሳቀሰም። ፊቷን አተኩሮ እያየ፣ አንድ ነገር እንድትለው የሚጠብቅ ይመስል ቆመ።

«እንደገመትኩህ አይደለህም» አለችው።

«እንዴት ነበር የገመትሽኝ?»

«አጭር።»

ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ቅር ያለው ነገር ነበር። እሷ ዓይን አፋርነት ነው ብላ አለፈችው።

ገበያው ውስጥ፣ ጨርቅ ከሚሸጡት መደዳ መጨረሻ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አሳያት። ልብስ ማስተካከያ ነው፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ባለቤቱ ሌላ ነው፣ እሱ ተቀጣሪ ነው። የዳኛው ልጅ ይኼን ስትሰማ ውስጧ አንድ የድሮ ነገር አፍንጫውን ነፋ። ወዲያው ግን የለበሰችውን ኮት እጅጌ ይዞ «ሁለት ጣት ይረዝማል፤ አውልቂውና ላሳጥርልሽ» ሲላት አፍንጫ የነፋው ነገር እንደ በረዶ ቀለጠ። አምስት ዓመት ለብሳዋለች፤ እጅጌው መርዘሙን ነግሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በሹራብ ብቻ፣ በብርድ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ዊልስደን ስትመለስ ሙቀት ተሰማት።

አምስተኛው ቅዳሜ አልፎ በማግስቱ እሁድ ኃይለልዑል ቤት ምሳ ተጠሩ። ሮማንወርቅ «የማስተዋውቅዎት ሰው አለ» ብላው ነበር። ሚስቱ አገር ቤት ስለሄደች ሦስት ብቻ ሆነው ነው የተቀመጡት።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ኃይለልዑል። አንቱ ማለት አላስፈለገውም፤ የእንግዳውን ስኒከር ጫማ አይቶ ሳይሆን አይቀርም የፈረደው።

«ልብስ አስተካክላለሁ።»

«የራስህ ነው?»

«ተቀጣሪ ነኝ።»

ኃይለልዑል አንገቱን ነቀነቀ። እንግዳውን ለማክበር ሳይሆን ነገሩ ልክ እንደጠበቀው መሆኑን ለማሳየት የሚነቀንቀው ዓይነት ነበር። ሮማንወርቅ በጠረጴዛው ላይ እጇን ሰዳ የተክለአብን እጅ ያዘች። ወንድሟ እጆቻቸውን አየ፣ ከዚያ ሽቅብ የሰውየውን ፊት አየ፣ ብዙ ቆየበት።

«አውቅሃለሁ» አለ በመጨረሻ።

ተክለአብ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጠዋት ጠዋት እሷን ፋርማሲው በር ላይ ሳደርሳት ተሰልፈህ ትቆም ነበር። ያን ጊዜ ጢምህ እዚህ ነበር። አንድ ቀን መኪናዬን ተደግፈህ፣ ራቅ በል አልኩህ።»

«ራቅኩ» አለ ተክለአብ።

«የእህቴን መድኃኒት ስትጠጣ የነበርክ ሰው ነህ፤ አይደለህም?»

«ነኝ። ዘጠኝ ወር። ከተውኩት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።» ይህን ሲል ኃይለልዑልን አላየም። ሮማንወርቅን ነበር የሚያየው፣ ገበያው መግቢያ ላይ እንዳያት አድርጎ።

እጇን ከእጁ ላይ አነሳች።

አስባ አላደረገችውም። እጇ ራሱ ነው የተነሳው፣ ትኩስ ነገር እንደነካ። «ዋሽተኸኛል» አለችው፤ የሚባል ነገር ስላጣች።

«አልዋሸሁሽም። ጠበቅኩሽ።» ብድግ አለ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ስለ ምሳው አመሰግናለሁ» አለ ለኃይለልዑል፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሮማንወርቅ ወደ ራሷ ስትመለስ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ቧንቧው ተከፍቷል። እጇን በሳሙና እየታጠበች ነው። ወንድሟ ፎጣ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። «ደግ አደረግሽ» አላት ለስለስ ብሎ። ፎጣውን ተቀብላ እጇን እየጠረገች ሳለ፣ ያደረገችው ነገር ቀስ እያለ ገባት፤ ቆዳዋን ገፍፋ ብትጥለው ወደደች።

ማክሰኞ ዕለት የፋርማሲው ረዳት የሻረግ በፌስታል የተጠቀለለ ኮት አምጥታ ሰጠቻት። «አንድ ሰውዬ ነው ያስቀመጠው። አልገባም አለ።» ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ ነበር።

«ሮማን፣

ኮትሽ አልቋል። እጅጌውን ከውስጥ በእጄ ነው የሰፋሁት፤ በማሽን ቢሰፋ ያስታውቃል።

ጀርባዬን ታምሜ በታዘዘልኝ ማስታገሻ ነው የጀመርኩት፤ የቀረውን መንገድ ከእኔ ይልቅ መጻሕፍትሽ ይነግሩሻል። በማዘዣው ላይ ያለው የመዝገብ ስሜ ኪዳነወልድ ነው። ዘጠኝ ወር ፋርማሲሽ ውስጥ ያለችው ጠባብ ክፍል ገብቼ ፊትሽ ጠጣሁ። አንድ ቀን በአማርኛ ‹እግዜር ይስጥልኝ› አልኩሽ። ጆሮሽ ቀላ፤ ቀና ግን አላልሽም። ሌላ ፋርማሲ ቀይሩልኝ ማለት እችል ነበር፤ እልህ ያዘኝና ተውኩት። አንድ ቀን ታየኛለች ብዬ።

መድኃኒቱን አንድም ቀን አላዛነፍሽብኝም። በእሱ ነው የዳንኩት። ለዚያ አመሰግንሻለሁ።

ገበያው መግቢያ ላይ ስታይኝ ታውቂኛለሽ ብዬ ነበር። ከኪዳነወልድ ላይ የተረፈ አንድ ነገር፣ ቢያንስ ዓይኔን። ወንድምሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የገላመጠኝ ሰው አወቀኝ። ዘጠኝ ወር ያጠጣሽኝ አንቺ ሳታውቂኝ ቀረሽ።

ተክለአብ»

መደርደሪያዎቹ መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የሻረግ በሩን «ተመልሰን እንከፍታለን» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈችበት፤ ምንም አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ ኃይለልዑል ደወለ። «ይኼ ነገር ከሰው ጆሮ ሳይገባ ያበቃ ይመስለኛል» አለ። «የኮሚቴው ሰብሳቢ እህት ከሱሰኛ ጋር ተባለ ማለት...»

«ኃይለልዑል» አለችው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። «አንተ እኔን አሳድገኸኛል፤ ውለታህን አልክድም። ግን አንተ ጋ ያየሁት ንቀት የእኔው ነው፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልፈልገውም።» ስልኩን ዘጋችው። «አንተ» ማለቷ ከተናገረችው ሁሉ በላይ እንደሚያቆስለው ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት ከሰባቱ የመጀመሪያው ሲገባ ቀና ብላ አየችው። ቀይ ፊት ያለው፣ ስልሳ የተጠጋ እንግሊዛዊ ነው። ደህና አደርክ አለችው፣ ፈገግ ብላ። ሰውየው ጽዋውን እንደያዘ ገላመጣት። ምን ታፈጫለሽ፣ ሥራሽን ሥሪ አላት። ጠጣው፣ ወጣ። ሮማንወርቅ በቆመችበት ቀረች። በአንድ ጠዋት ፈገግታ የስንት ዓመቱን ልትሽረው አስባ ነበር፤ ሰውየው እንዳልተታለለ ገባት።

ስድስተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ያስተምራል። ሮማንወርቅ ስላይዶቿን አንድ በአንድ አነበበች፤ ሁሉም ትክክል፣ ሁሉም ከመጽሐፍ። የገዛ ድምፅዋን ስትሰማው ኃይለልዑል የሚያወራ መሰላት። ስትጨርስ ቲጂ «ሮሚ፣ ሶ ክሊር፣ በጣም ጥሩ» አለቻት፤ ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ደህና ነሽ ግን?» አለች፣ በጠራ አማርኛ። ስድስት ሳምንት ስትንቃት የከረመች ልጅ ናት። ሮማንወርቅ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን ሳጥን ፈለገች።

«ተክለአብ የለም?» አለች።

«አቋርጫለሁ ብሎ ሜሴጅ አደረገልኝ። ሰርተፊኬቱንም አልፈልግም አለ። ያሳዝናል፤ ከሁላችንም በላይ ሊያስተምረን የሚችለው እሱ ነበር።»

ላፕቶፑን አልዘጋችውም። ኮቷን ለበሰችና ወጣች።

ቅዳሜ ቀን ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሰው ይገፋፋል። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ተክለአብ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ የሰው ቀሚስ ይሰፋል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ቀና ሲል አያት፤ እግሩን ከማሽኑ ላይ አነሳ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ አልመጣሁም» አለችው። «መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር፤ የቲጂ ስላይድ ሆነብኝ። እውነቱን ልንገርህ። ሳላውቅህ ንቄሃለሁ። እሁድ ደግሞ አውቄህ፣ ወድጄህም፣ ንቄሃለሁ። አንተ ከወጣህ በኋላ እጄን ታጠብኩ። በሳሙና።»

ፊቱ አልተለወጠም። ቀሚሱን አጥፎ ጎን አስቀመጠው።

«እኔም ልንገርሽ» አለ። «በመጀመሪያው ቅዳሜ ስምሽን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ነጭ ጋውንሽ ላይ ባለው ባጅ ዘጠኝ ወር ያነበብኩት ስም ነው። ካሜራዬን የዘጋሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን እኔ አያታለሁ፣ እሷ አታየኝም አልኩ። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ልቀጣሽ ነበር። ትወደኛለች፣ ከዚያ ማን እንደሆንኩ እነግራታለሁ፣ ስትደነግጥ አያታለሁ ብዬ። ስለ ሰባቱ የጻፍሽልኝንም ለቲጂ ላሳይብሽ አስቀምጬው ነበር።»

ሮማንወርቅ የበሩን መቃን ያዘች። ጨርቅ የሚመርጡ ሴቶች ከኋላዋ እየገፏት ያልፋሉ።

«ለምን አላሳየሃትም?»

«አላውቅም። ረቡዕ ረቡዕ መጻፍ ሲያቅተኝ፣ ዓርብ ዓርብ ያንቺን ስጠብቅ፣ ቅጣቱ የማን እንደሆነ ጠፋብኝ።» ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። «እሁድ እጅሽን ስታነሺ፣ ተሳካልኝ አልኩ በልቤ። ስጠብቀው የኖርኩት ይኼንኑ ነበር። አውቶቡስ ላይ ወጥቼ እስክቀመጥ ድረስ ነበር ደስታዬ።»

እንዲህ ያለ ነገር የተነጋገሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባባሉ አንዳቸውም አያውቁም ነበር። አንዲት ሴት ሱሪዋን ልትወስድ መጣች፤ ሰኞ ተመለሺ ብሎ ሸኛት። ከዚያም የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ድረስ አወረደው። ሮማንወርቅን ወደ ውስጥ ሳባት እንጂ ወደ ውጭ አልገፋትም።

«ለዛሬ ምን አዘጋጅተህ ነበር?» አለችው። «አሥር ደቂቃህን።»

«ይቅር። ዋጋ የለውም።»

«አስተምረኝ።»

«ሮማን...»

«የጤና አስተማሪ ልሆን ስድስት ሳምንት ተቀምጬ የተማርኩት ነገር የለም። አስተምረኝ።» ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ።

ተክለአብ ጉሮሮውን ጠረገ። በኪሱ ወረቀት ነበረው፤ ሊያወጣው ጀመረና ተወው። ስለ መጀመሪያው ጠዋት ነገራት፤ ጀርባው ሳያመው ክኒኑን የዋጠበትን። ማንንም ላለማግኘት መንገድ እየቀየረ ስለሄደባቸው ሰፈሮች፣ እናቱ ስልክ ስትደውል ድምፁን ለማስተካከል ውኃ ይጠጣ እንደነበር። ያቺ ፎይል ያጠበች ሴት አብሮት ይኖር የነበረ የአንድ ልጅ እናት እንደነበረች፣ ልጁ እንዳልተረፈ ነገራት። እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«በቃ» አለ። «ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አልያዝኩትም።»

ሮማንወርቅ ሰዓቷን አየች። በዕድሜዋ ሙሉ ከሰው ሁሉ ከፍ ብላ የተቀመጠችበት ነገር ከሥሯ ሄዶ፣ ከዚህ ሰው ጋር እኩል መሬት ላይ መቀመጧ አስፈራት፤ ደግሞም መነሣት አልፈለገችም።

«ገና አራት ደቂቃ አለህ» አለችው።

ወደ እሷ ዞረና ቀጠለ። እሷም አራቱ ደቂቃ እንዳያልቁ እየለመነች ሰማችው።